ኪዳኔ በራሱ ላይ ያስተረጎመው ክስ

ሽማግሌ ሆኜ የተመረጥኩት ዕድሜዬ ወይም ጥበቤ ታይቶ አይደለም። ሱፍ ስላለኝ ነው። ስትሪፕ በሚባለው የላስ ቬጋስ የቁማር ጎዳና ላይ ካሉት ካዚኖዎች በአንዱ ካርታ የማድል ዲለር ነኝ፤ ሥራው ጥቁር ሱሪ፣ ንጹሕ ሸሚዝና የሰው ገንዘብ ሲበላ የማይለወጥ ፊት ይፈልጋል። ሽምግልናም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የእህቴ ልጅ ዳጊ «ላገባ ነው፣ ሽማግሌ ላክልኝ» ሲለኝ ሌሎቹን ሁለቱን ለማግኘት አልተቸገርኩም። አቶ ተክለማርያም ከአርባ ዓመት በፊት በሱዳን በኩል የመጡ፣ የእድራችን ሊቀመንበር ናቸው፤ ከእሳቸው በፊት ሊቀመንበር አልነበረም፣ ከእሳቸው በኋላ ይኖራል ብሎ የገመተም የለም። ሦስተኛው ግዛቸው ነው። ግዛቸው አይናገርም፤ መኪናው ግን ሰፊ ነው።

ልጅቷ ስጦታ ትባላለች። ነርስ ናት፣ የኪዳኔ ልጅ። ኪዳኔ እኔ የምሠራበት ሆቴል በር ላይ ቫሌ ነው፤ የእንግዳ መኪና ተቀብሎ ፓርክ ያደርጋል፣ ሲጠየቅ ያመጣል፣ ቲፕ ሲሰጡት አያየውም፣ ኪሱ ይከተዋል። ሚስቱ ፈረንጅ አይደለችም፣ አበሻም አይደለችም። ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል። እንዴት እንደሆነ የጠየቀው ግን ጥቂት ሰው ነው።

ኪዳኔ አሰላ ተወልዶ አድጎ፣ በብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ፣ መንግሥት ሲወድቅ ጠመንጃውን ለማን እንደሚያስረክብ የሚነግረው አጥቶ ዛፍ ላይ ሰቅሎት ወደ ደቡብ የሄደ ሰው ነው። ኬንያ ጥቂት ዓመት ከርሞ፣ ታንዛኒያን አልፎ፣ ደቡብ አፍሪካ ሊገባ ተነሣ። ደላላው ከጭነት መኪና ላይ አወረዳቸውና «ይኸው፣ ደቡብ አፍሪካ» አላቸው። ኪዳኔ አመነ። አገሩ እንደተወራለት አልነበረም፤ ወርቅ የለም፣ ፎቅ የለም፣ ሁሉም ሰው በቆሎ ይዘራል። ሰዎች ነገር ማጋነን ይወዳሉ ብሎ አለፈው። በኋላ አንድ ፖሊስ መታወቂያ ሲጠይቀው ነው ያለበት አገር ማላዊ እንደሚባል የሰማው።

ፖሊሱ ዛሌካ ወሰደው። ዛሌካ የስደተኞች ካምፕ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን የፖለቲካ እስር ቤት ነበር። ማላዊን ሠላሳ ዓመት የገዙ አንድ ሰው ነበሩ፣ ማዕረጋቸው «የዕድሜ ልክ ፕሬዚዳንት»። የፓርቲ ካርድ ያልያዘ ገበያ አይገባም፣ አውቶቡስ አይሳፈርም። እኛ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ብለን የምንተርተውን እነሱ ሳይተርቱት ኖሩበት። ከዚያ እንደ ፈረንጆች በ1993 ሕዝቡ «አንድ ፓርቲ ይሻላል ወይስ ብዙ?» ተብሎ ተጠየቀ። ማንበብ ለማይችል እንዲመች ለአንድ ፓርቲ አውራ ዶሮ፣ ለብዙ ፓርቲ ፋኖስ ተሳለ። ፋኖሱ አሸነፈ። አዛውንቱም በዓመቱ በምርጫ ተሸንፈው ቤታቸው ገቡ። ባዶ የቀረው እስር ቤት ስደተኛ ተሰጠው፣ ከስደተኞቹም አንዱ ኪዳኔ ሆነ።

አንድ ቀን ኪዳኔ ክፍሉ ውስጥ ምስር ሲቀቅል አንድ ኮት የለበሰ ቀጭን ሰው በሩ ላይ ቆሞ ግድግዳውን ያያል። «ምን ፈለግህ?» ቢለው «ይህ ክፍሌ ነው» አለው። ኪዳኔ ተቆጣ። ክፍሉን ያገኘው ተራ ጠብቆ፣ በካምፑ አስተዳደር ተጽፎለት ነው። ሰውዬውም ወደ ኋላ አላለም፤ «እኔም የገባሁት በመንግሥት ውሳኔ ነው» ይላል። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ነገሩ ገባቸው። ሰውዬው ኮንድዋኒ የሚባል የመንደር አስተማሪ ነው፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ዓመታት ታስሯል፤ የመጣው እንዲሁ ሊያየው ነው። ኪዳኔ አፈረና ምስሩን አቀረበለት። ኮንድዋኒ በልቶ ሲጨርስ «እዚህ ክፍል ውስጥ ጨው ያለው ምግብ ስበላ የመጀመሪያዬ ነው» አለ። ወዳጅነታቸው በዚህ ተጀመረ፤ ኪዳኔ ከጊዜ በኋላ የኮንድዋኒን ታናሽ እህት ቲያሚኬን አገባ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ያለው። በእነሱ ወገን፣ በቼዋዎች ዘንድ፣ ዘር የሚቆጠረው በእናት ነው። ባል ወደ ሚስቱ መንደር ሄዶ ይኖራል፣ ልጆቹ የእናታቸው ወገን ናቸው። ሴት ልጅን የሚድራት፣ ሲከፋት የሚሟገትላት፣ ስለ እሷ ቃል የሚሰጠው የእናቷ ወንድም ነው እንጂ አባቷ አይደለም። ንኮስዌ ይሉታል፤ ዋቢ እንደማለት ነው። ኪዳኔ ይህን ሁሉ አውቆ፣ በሰው ፊት እሺ ብሎ ነው ያገባው። «ያን ጊዜ ልጅ አልነበረኝም» ይላል፤ «የሌለህን ነገር መስጠት ቀላል ነው።»

ኪዳኔ ሚስቱን ይዞ በስደተኝነት ቬጋስ ከመጣም በኋላ ከኮንድዋኒ ጋር በየሳምንቱ ይደዋወላል። ኪዳኔ ስለዚያ አገር የሚያውቀውን ያህል ስለ ኢትዮጵያ አያውቅም። መንደራቸው ስልክ ገባ፣ ገንዘብ በስልክ መላክ ተጀመረ፣ ልጃገረድ አሥራ ስምንት ሳይሞላት እንዳትዳር ሕግ ወጣ። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ሴቶች ለብሰው የሚጨፍሩበት የፓርቲ ጨርቅ ቀለም ይለወጣል፣ ቀዳዳው መንገድ አይለወጥም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ኪዳኔ ቢተረጉምለት ኮንድዋኒ «ይህ የእኛ ነው፣ ማን ነገራችሁ?» አለው። እንደ ፈረንጆች በ2020 ደግሞ የውጤት ወረቀቶች ላይ በነጭ ማጥፊያ ቀለም ቁጥር ተስተካክሏል ተብሎ ምርጫው ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ዳኞቹ ሻሩት። ኮንድዋኒ በሥራ ሰዓት ደወለና «ንጉሥ ተከሰሰ» አለው። ኪዳኔ ያን ቀን ለአንድ እንግዳ የሌላ ሰው መኪና አመጣለት።

እንግዲህ እንቁጣጣሽ ባለፈ ሰሞን፣ እሁድ ጠዋት፣ ሎን ማውንቴን ሰፈር ያለው የኪዳኔ ቤት ሄድን። እንደ ወጉ ሳንቀመጥ ቆምን። አቶ ተክለማርያም ጉሮሯቸውን ጠርገው «ልጅህን ስጦታን ለልጃችን ለዳጊ እንድትሰጠን በእግዚአብሔር ስም መጥተናል» አሉ።

«ቁጭ በሉ እንጂ» አለ ኪዳኔ።

«መልስ ሳንሰማ አንቀመጥም።»

ኪዳኔ እጁን አፋተገ። «አቶ ተክለማርያም፣ እርስዎን አክብሬ ነው፤ ግን እሷን መስጠት የእኔ አይደለም። ባለ ቃሉ አጎቷ ነው፣ ማላዊ ያለው። ይህን ሰሞን ምርጫ አለባቸው፣ ታዛቢ ሆኖ ገጠር ወርዷል። ስልክ አይሠራም። ሲመለስ እንደውልለትና እሱን ትጠይቁታላችሁ።»

አቶ ተክለማርያም አፍጥጠው አዩት። እኔም አየሁት፣ ፊቴ እንደማይለወጥ ነግሬያችኋለሁ።

«ስንት ቤት ሽምግልና ገብቻለሁ» አሉ በመጨረሻ። «አባት እምቢ ሲል አይቻለሁ። አባት ሲቆጣም አይቻለሁ። አባት በሕይወት ቆሞ 'እኔ የለሁበትም' ሲል ግን አጋጥሞኝ አያውቅም።»

ኪዳኔ ቀላ። ከዚያ ነጣ። «ሰጥቻለሁ» አለ።

ቲያሚኬ በዚያው ቅጽበት ከኩሽና ብቅ አለች። አማርኛ ከእኛ ልጆች ይልቅ ትችላለች፤ ከኪዳኔም፣ አብረዋት ከሚሠሩት የሆቴል ሴቶችም ተምራለች። አየችን። ቦርሳዋን አንሥታ ወደ ሥራ ሄደች። ሺፍቷ ከሰዓት በኋላ ነበር። እኛም ተቀመጥንና ምሳ በላን።

መኪና ውስጥ «የሆነ ነገር ያበላሸን መሰለኝ» አልኩ። «ምን አበላሸን? ተሳካልን እኮ» አሉ አቶ ተክለማርያም። ግዛቸው ነዳ።

በሳምንቱ ኪዳኔን በእረፍቴ ሰዓት ቫሌው ጋ አገኘሁት። ከስቷል። ቲያሚኬ ታናግረዋለች ወይ ብዬ ብጠይቀው «'ቆሻሻውን አውጣ' ትላለች» አለኝ። የኮንድዋኒ ስልክ እንደተዘጋ ነው፤ ማላዊ ድምፅ እየቆጠረች ነው።

«ያ ሰው ለምን እንደታሰረ ታውቃለህ?» አለኝ ኪዳኔ። «ያ የዕድሜ ልክ ፕሬዚዳንት ራሱን የአገሩ ሴቶች ሁሉ ንኮስዌ ብሎ ሰይሞ ነበር። የሁሉም ዋቢ እሱ። በመጣ ቁጥር ሴቶቹ ፎቶው የታተመበትን ጨርቅ ለብሰው በካሚዮን እየተጫኑ ሄደው ይጨፍሩለታል። ቲያሚኬም ልጅ ሆና ተራዋ ደረሰ። ኮንድዋኒ ለፓርቲው ሰውዬ 'የእህቴ ንኮስዌ እኔ ነኝ' አለው። በቃ። ወንጀሉ ያቺ አረፍተ ነገር ናት። ለዚያች ቃል ጨው የሌለው ገንፎ ሲበላ ኖረ። እኔ ደግሞ ሱፍ የለበሰ ሰው አፍጥጦ ስላየኝ ያን ቃል ሳሎኔ ውስጥ ቀማሁት።»

«አፍጥጬ አላየሁህም» አልኩት።

«አቶ ተክለማርያምን ነው።» አንድ መኪና መጣ፤ ተቀብሎ አቁሞ ተመለሰ። «ወንድም የለኝም። አሰላ የቀሩትም አልቀዋል። በዚህ ዓለም ወንድሜ የምለው እሱን ብቻ ነው። ሰርጉ ቢቀር ሌላ ሰርግ ይገኛል። እሱ ከተቀየመኝ ግን እኔ ማን አለኝ?»

«ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው» ልለው ብዬ ነበር፤ እሱ ከእኔ በላይ ስለሚያውቀው ተውኩት።

የማላዊ ውጤት ወጣ። በሥልጣን ላይ የነበሩት ተሸነፉ፣ ከእሳቸው በፊት የተሸነፉት ተመልሰው አሸነፉ፤ ተሸናፊውም መሸነፋቸውን ተቀበሉ። አቶ ተክለማርያም ይህን ዜና ስነግራቸው «ያለ ጥይት?» አሉኝ። ኪዳኔ በዚያው ቀን ኮንድዋኒን አገኘውና ያደረገውን ነገረው። ኮንድዋኒ የመለሰለት «እሁድ ሽማግሌዎቹን ሰብስባቸው፣ ልያቸው» ብቻ ነው። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ፤ ሰውዬው ይዝጋው ኔትወርኩ ኪዳኔ አላወቀም። ሌሊቱን አልተኛም።

በመስቀል ማግስት ጠዋት ያንኑ ሳሎን ገባን። ስልኩን ከቴሌቪዥኑ ጋር ኮኔክት ያደረገችልን ስጦታ ናት። አቶ ተክለማርያም ልጅ ስለ ራሷ ጋብቻ ሲመከር አትቀመጥም አሏት። «ኦኬ፣ እኔ ክፍሌ ነኝ፣ ካስፈለግኩ ቴክስት አድርጉኝ» አለችና ሄደች። ቲያሚኬ ምግብ ጠረጴዛው ጋ ቆማለች። ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ቀጭን ሽማግሌ ብቅ አለ፤ ኮት ለብሷል፣ ክራቫት አስሯል፣ እዚያ መሽቶ ነበር። በአስተማሪ እንግሊዝኛ ሰላምታ ሰጠን። ከዚያ «ጋብቻ በባዕድ ቋንቋ አይወራም፣ እኔ በቋንቋዬ በቺቼዋ እናገራለሁ፣ እናንተ በቋንቋችሁ ስሙ፣ ኪዳኔ ያስተርጉም» አለ።

ኪዳኔ መሐል ቆመ። ክስ የሚቀርብበትና ክሱን የሚያስተረጉመው አንድ ሰው ሲሆን ያን ቀን አየሁ።

«ልጅቷን ማን ሰጣችሁ? ይላል» አለን ኪዳኔ። መልሱን ራሱ ሰጠ፤ አንድ ጊዜ በቺቼዋ፣ አንድ ጊዜ በአማርኛ። «እኔ ነኝ።»

ኮንድዋኒ ተናገረ። «'አንተ የእህቴ ባል ነህ፣ የቤታችን እንግዳ ነህ' ይላል። 'ቃሉን ከአፌ ወሰድክ' ይላል።»

«'ወሰድክ' አላለም» አለች ቲያሚኬ ከኋላ። «'ሰረቅህ' ነው ያለው።»

«'ሰረቅህ' ነው ያለው» አለ ኪዳኔ።

አቶ ተክለማርያም ከወንበራቸው ተነሡ። «ጥፋቱ የእኔ ነው በልልኝ። በነገር የነካሁህ እኔ ነኝ።» ይህን ከእሳቸው አፍ እሰማለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ በእድሩ ታሪክም አልተሰማም። ኮንድዋኒ ግን እጁን አነሣ፤ ገና አልጨረሰም። አሁን ቀስ ብሎ፣ ረጅም ነገር ተናገረ፤ ኪዳኔም እየተከተለ ያስተረጉማል።

«'ከእስር ስወጣ በቀጥታ የሄድኩት እህቴ ጋ ነው' ይላል። 'ስላንቺ ታሰርኩ አልኳት። ታመሰግነኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን...'» ኪዳኔ ቆመ። ወደ ቴሌቪዥኑ አየ። ወደ ሚስቱ አየ።

«ጨርሰው» አለችው ቲያሚኬ።

«'እሷ ግን ወደ ጭፈራው መሄድ እፈልግ ነበር አለችኝ። ጓደኞቼ ሁሉ ሄደዋል። ከተማ አይቼ አላውቅም ነበር። ልብሴን አጥቤ አዘጋጅቼ ነበር። ፕሬዚዳንቱ የእኔ ናት አለ። አንተም የእኔ ናት አልክ። እኔ መሐላችሁ ቆሜ ነበር፤ የጠየቀኝ ሰው የለም አለችኝ' ይላል።»

ኪዳኔ ማስተርጎሙን ቀጠለ። «'ብዙ ቀን ተቀየምኳት። በኋላ እውነቷን እንደሆነ ገባኝ። ለፋኖሱ ድምፄን የሰጠሁት በሰውዬው ተናድጄ ብቻ አይደለም፤ በራሴም ተናድጄ ነበር። ከዚያ ወዲህ እሷን ሳልጠይቅ ስለ እሷ አንድ ቃል ተናግሬ አላውቅም። አንተ ስታገባት እንኳ እሺ ያልኩህ እሷ እሺ ስላለች ነው፤ አልነገርኩህም እንጂ። ኪዳኔ፣ የሰረቅኸው የእኔን አይደለም። እኔ ይኸው ወንድምህ ነኝ። ለምን ወደ እኔ ትደውላለህ? ባለ ቃሏ ከኋላህ ቆማለች' ይላል።»

ሁላችንም ዞርን። ግዛቸው ሳይቀር። እኔ እንኳ በአንድ ሺፍት ውስጥ ስንት ሰው ገንዘቡን ሲበላ የማየው ሰውዬ አፈርኩ። ሁለት ጊዜ እዚህ ቤት ገብቼ ምሳዋን በልቻለሁ እንጂ ያቺን ሴት አንድ ቃል አላናገርኳትም።

አቶ ተክለማርያም መነጽራቸውን አወለቁ። «እሜቴ» አሏት፣ «እርስዎስ ምን ይላሉ?»

ቲያሚኬ አሰበች። «አንድ ሳምንት ስጡኝ» አለች። ወንድሟ ቴሌቪዥኑ ላይ ሳቀ፤ ምን እንዳለች ማንም ሳያስተረጉምለት። ከዚያ መብራት ጠፋበት።

ኪዳኔ መኪናችን ድረስ ሸኘን፤ ልማድ ሆኖበት በሩን ከፈተልን። ወንድሙን አላጣም፤ ደስ ይለዋል ብዬ ጠበቅሁ። ሁለት እጁን የመኪናው ጣሪያ ላይ አድርጎ ቆመ። «ሃያ ሰባት ዓመት አብሬያት ኖሬ» አለኝ፣ «እሺ ትበል እምቢ ትበል አላውቅም። ኮንድዋኒን ነበር የፈራሁት። አሁን እሷን ፈራሁ።»

በሚቀጥለው እሁድ ተመለስን። ደጁ ላይ አንድ ሱፍ የለበሰ ሰው ጀርባውን ሰጥቶን ቆሟል። ሌላ ሽማግሌ የቀደመን መስሎኝ ነበር። ኪዳኔ ነው። በገዛ ቤቱ ደጅ፣ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ እያለ፣ ደወሉን ደውሎ ይጠብቃል። አጠገቡ ተሰልፈን ቆምን።

ቲያሚኬ ከፈተች። አራታችንንም አየችና ዓይኗ ባሏ ላይ ቀረ።

«አንተ ደግሞ ምን ፈልገህ መጣህ?»

«ልጠይቅሽ» አለ ኪዳኔ።

«ጠይቀኝ።»

እንደ ሽማግሌ ቃል አዘጋጅቶ ነበር፤ ደጁ ላይ ስንጠብቅ በከንፈሩ ሲለማመደው አይቼዋለሁ። ሁሉም ጠፋበት። «ቲያ» አለ፣ «አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?» ብሎ አለቀሰ። እሷም ደጁ ላይ እንደቆመች እንባውን እስኪጠርግ ጠበቀችና «ልጁን ዳጊን ወድጄዋለሁ፣ ስጦታም ትፈልገዋለች» አለችው።